በ4.6 ኮከብ ሠራተኛ ማገድ ይቻላል? ነጥቡንስ ለአበዳሪ መሸጥ?

ጥያቄ፦ የቤት ውስጥ ጥገናና ጽዳት ሠራተኞችን ከደንበኞች ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ አለን። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። አማካዩ ከ4.6 በታች የወረደውን ሠራተኛ ሲስተሙ በራሱ ያግደዋል። አሁን ደግሞ አንድ አበዳሪ ድርጅት ነጥቡን ገዝቶ ለብድር ውሳኔ ሊጠቀምበት ፈልጓል። በተለያዩ አገሮች ለመሥራት እያሰብን ነው። የትኛው ሕግ ይመለከተናል? ምንስ መቀየር አለብን?

ምላሽ፦ ጥያቄያችሁ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደራርበዋል፤ የሚገዟቸው ሕጎችም ለየቅል ናቸው። ደንበኛ ስለ አገልግሎት የሚሰጠው አስተያየት የሸማቾች ጥበቃ ጉዳይ ነው። ያ አስተያየት ተደምሮ ተካፍሎ አንድን ሰው ከሥራ ሲያስወጣ የሥራ ሕግና የግል መረጃ ጥበቃ ይመጣሉ። ነጥቡ ከእናንተ ወጥቶ አበዳሪ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ደግሞ የብድር መረጃ ሕግ፣ አለፍ ሲልም «ማኅበራዊ ነጥብ አሰጣጥ» የተባለው ክልከላ ይነሣል። ኮከቡ ያው ኮከብ ነው። ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው ግን ይህ ቁጥር የማንን በር ይዘጋል የሚለውን ነው፤ የሚዘጋው በር በከበደ ቁጥር የእናንተም ግዴታ ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሕጉ በፊት ሂሳቡን እንይ፤ ሂሳቡ ጠማማ ከሆነ በላዩ የምታቆሙት የይግባኝ ሥርዓት ሁሉ ትርፉ ድካም ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ ስምንት ሥራ ሠርቶ ከስምንቱም 5 አገኘ እንበል። ዘጠነኛው ደንበኛ 1 ሰጠው። ድምሩ 41፣ ለ9 ሲካፈል 4.56። በእናንተ ደንብ ታገደ። 200 ሥራ የሠራና አማካዩ 4.8 የሆነ ነባር ሠራተኛ ያንኑ አንድ ኮከብ ከዚያው ደንበኛ ቢቀበል ግን 4.78 ላይ ይቆማል፤ ልብ የሚለውም የለም። ጥፋቱ አንድ፣ ደንበኛው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት። እንዲህ ያለውን ልዩነት በዳኛ ፊት ቆሞ ማስረዳት ከባድ ነው።

መድኃኒቱ የቆየ የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መነሻ የሚሆኑ ምናባዊ ደረጃዎችን ቀድማችሁ ትደምሩለታላችሁ። የጽዳት ሠራተኞቻችሁ አጠቃላይ አማካይ 4.75 ከሆነ፣ ለሁሉም 20 ደረጃ በ4.75 ትሰጣላችሁ፤ ይህ 95 ነጥብ ነው። ከላይ የጠቀስነው አዲስ ሠራተኛ 95 ሲደመር 41፣ 136 ይሆንለታል። ለ29 ሲካፈል 4.69 ይወጣል፤ ከሥራው አይታገድም። በእውነት ደካማ የሆነው ግን አያመልጥም፦ 60 ደረጃ ተቀብሎ አማካዩ 4.3 የሆነ ሰው 258 ነጥብ አለው፤ 95 ተጨምሮ ለ80 ሲካፈል 4.41 ነው። የሥራው ብዛት እየጨመረ ሲሄድ ምናባዊዎቹ ደረጃዎች ክብደታቸውን እያጡ የራሱ ታሪክ ይገንናል። 20 የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፤ ስንት እውነተኛ ደረጃ ስታዩ ሰውየውን ማመን እንደምትጀምሩ የሚወስን ነውና ከራሳችሁ መረጃ አውጡት። ለምን ያን ቁጥር እንደመረጣችሁም በጽሑፍ አኑሩ።

አማካዩን በሥራ ዓይነት ለዩት። ሌሊት የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግን የተጠራ ሰው ገና በሩን ሳያንኳኳ የተናደደ ደንበኛ ይጠብቀዋል፤ በቀጠሮ መስኮት የሚያጸዳው ሰው ይህ ዕዳ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ወንፊት ማበጠር የቧንቧ ሠራተኛውን በሙያው ምክንያት መቅጣት ነው። የድሮ ደረጃም ለዘላለም አይቆጠር። ኡበር የአሽከርካሪዎቹን አማካይ የሚያሰላው ከመጨረሻዎቹ 500 ደረጃዎች ነው። የቤት ጥገና እንደ ታክሲ በየሰዓቱ ስለማይሠራ ለእናንተ 100 ያህሉ የሚበቃ ይመስለኛል።

ሌላው ጉድለት የኮከቡ ትርጉም ነው። 4 ኮከብ ለአንዱ ደንበኛ «ጎበዝ፣ ጥሩ ሥራ» ነው፤ በ4.6 ገደብ ውስጥ ግን ሠራተኛውን ወደ እገዳ የሚገፋ ድምፅ ነው። ደንበኛው ይህን አያውቅም፤ የነገረው የለምና። ስለዚህ ለእገዳ የሚያገለግለውን መረጃ ከኮከቡ አላቅቁት። ኮከቡ ለገጽታ ይቆይ፤ ለውሳኔ ግን መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ጠይቁ፦ በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ? ዋጋው በስምምነቱ መሠረት ነበር? ሥራው ተጠናቀቀ? «መተግበሪያው ተቋረጠብኝ» ወይም «ዋጋው በዛ» የሚል ቅሬታ ወደ እናንተ እንጂ ወደ ሠራተኛው ነጥብ አይሂድ። ይህ አሠራር አድልዎን ይቀንሳል። ደንበኛ በሠራተኛው አነጋገር፣ ፆታ ወይም መልክ ምክንያት አንድ ኮከብ ቢቀንስ ማንም አይጠይቀውም፤ በዚያ ኮከብ ሰው የሚያግደው ድርጅት ግን ሊጠየቅ ይችላል። «በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ?» የሚለው ከመድረሻ ሰዓቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ «ደስ አላለኝም» ግን ከምንም ጋር አይመሳከርም።

ሠራተኞችም ለደንበኞች ደረጃ የሚሰጡ ከሆነ ብቀላ እንደሚኖር ቁረጡ። የመስመር ላይ መገበያያው ኢቤይ በ2008 ሻጮች ለገዢዎች አሉታዊ ደረጃ መስጠታቸውን ያስቀረው ገዢዎች አጸፋውን ፈርተው እውነቱን ስለሚደብቁ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችን የሚያከራየው ኤርቢኤንቢ በ2014 የመረጠው መንገድ ለእናንተ የበለጠ ይስማማል፦ ሁለቱም ወገኖች አስተያየታቸውን እስኪያስገቡ ወይም የ14 ቀን ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ አንዱ የሌላውን አያይም።

አሁን ወደ ሕጉ። የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም ለሕዝብ የሚታየው አስተያየት፣ ብዙም የሚያወዛግብ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ አስተያየት የሚያሳይ ነጋዴ አስተያየቱ በእርግጥ ከተጠቃሚዎች የመጣ መሆኑን ያረጋግጥ እንደሆነና እንዴት እንደሚያረጋግጥ መግለጽ አለበት፤ ሐሰተኛ አስተያየት መለጠፍ ወይም ማስለጠፍ ፍጹም ከተከለከሉት ድርጊቶች ዝርዝር ገብቷል። የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ ከጥቅምት 21 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል፤ ቅጣቱ ለአንድ ጥሰት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 6 ቀን 2025 ወዲህ የውድድርና የገበያዎች ባለሥልጣኑ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው የድርጅቱን ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 10 በመቶ መቅጣት ይችላል።

በተግባር ሲታይ ሦስቱም ተቀራራቢ ነገር ነው የሚጠይቁት። እያንዳንዱ ደረጃ ከተጠናቀቀና ከተከፈለ ሥራ ቁጥር ጋር ይያያዝ። «5 ኮከብ ለሰጠን ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ አይኑር። አስተያየት ለሰጠ ሁሉ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ቅናሽ መስጠት የተለየ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን መገለጽ አለበት። ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኛው፣ የሥራ አስኪያጁ እህት ማንነታቸውን ሳይገልጹ አያሞግሱ። ዝቅተኛውን ደብቆ የቀረውን «የደንበኞቻችን አስተያየት» ብሎ ማሳየትም ወጥመድ ነው፦ ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ ከአራት ኮከብ በታች የሆኑ አስተያየቶች እንዳይታዩ አድርጓል ተብሎ በ2022 4.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የአገልግሎት ውላችሁ ውስጥ «ደንበኛው ስለ ድርጅቱ ክፉ አይጽፍም» የሚል ሐረግ ተሸጉጦ ካለ አውጡት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2016ቱ ሕግ ወዲህ ዋጋ የለውም።

የከበደው እገዳው ነው። የአውሮፓው የግል መረጃ ሕግ፣ በተለምዶ ጂዲፒአር የሚባለው፣ በአንቀጽ 22 ማንም ሰው ብርቱ ውጤት ላለው፣ ሙሉ በሙሉ በማሽን ለተሰጠ ውሳኔ እንዳይዳረግ መብት ይሰጠዋል። የእናንተ «ከ4.6 በታች ታግዷል» ቁልጭ ያለ ምሳሌው ነው። ለውል አፈጻጸም የግድ ከሆነ ወይም ሰውየው በግልጽ ከተስማማ የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ፤ ያኔም ቢሆን ሰው ጉዳዩን እንዲያይለት፣ ሐሳቡን እንዲገልጽና ውሳኔውን እንዲቃወም መፍቀድ ግዴታ ነው። በመተግበሪያ በኩል የሚሠራ ሥራን የሚገዛው የኅብረቱ የ2024ቱ የፕላትፎርም ሥራ መመሪያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል፦ አካውንት ማገድ፣ መገደብና መዝጋት በሰው ብቻ ይወሰናል። የጽሑፍ ምክንያት ቢዘገይ ውሳኔው በሚጸናበት ቀን መድረስ አለበት፤ ሠራተኛው ይታይልኝ ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ያገኛል። አባል አገሮቹ መመሪያውን ወደ አገር ሕጋቸው እንዲያስገቡ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 2 ቀን 2026 ነው።

«ታዲያ አንድ ሰው ቁጭ አድርገን ቁልፉን እንዲጫን እናድርግ» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ይህ አይሠራም። የአምስተርዳም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 በኡበር አሽከርካሪዎች ጉዳይ የሰዎቹን ተሳትፎ ከይስሙላ ብዙም ያልዘለለ ሆኖ አግኝቶታል። በቀን 200 ጉዳይ የሚያይ ሠራተኛ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርሰውም። የሚያየው ማያ ገጽ ላይ 4.52 የሚለው ቁጥር በቀይ ተጽፎ ከመጣለት ደግሞ ውሳኔው ተወስኖ አልቋል። ስለዚህ ገምጋሚው መጀመሪያ ነጥቡን አይይ፤ የቅሬታዎቹን ጽሑፍ፣ የመድረሻ ሰዓቱን መዝገብና የሠራተኛውን መልስ ይይ። የመሻር ሥልጣን ይኑረው፤ ስንቱን እንደሻረም ይቆጠር። ከ300 ጉዳይ 300ውን ያጸደቀ ገምጋሚ ካላችሁ ገምጋሚ የላችሁም፤ ማኅተም ነው ያላችሁ።

የማሳወቂያው አጻጻፍም ለብቻው መታየት አለበት። አብዛኛው ድርጅት የሚልከው ይህን ይመስላል፦ «ነጥብዎ ከሚፈለገው በታች ስለሆነ አካውንትዎ ታግዷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ሠራተኛው ምን እንዳጠፋ፣ ምን ቢያደርግ እንደሚመለስ፣ ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ «ባለፉት 90 ቀናት ከሠሯቸው 46 ሥራዎች በ9ኙ ደንበኞች በቀጠሮው ሰዓት አልደረሱም ብለዋል፤ የመድረሻ መዝገባችን በ7ቱ ከ20 ደቂቃ በላይ መዘግየት ያሳያል። ዝርዝራቸው ከዚህ በታች አለ። በ10 ቀን ውስጥ መልስዎን ይላኩ፤ እስከዚያ ድረስ ሥራዎ ይቀጥላል።» ከ9 ወደ 7 የወረደችውን ቁጥር ልብ በሉ። ሁለቱን የደንበኛ አቤቱታ መዝገቡ ስላልደገፈው ከክሱ ወጥተዋል። መዝገብና ስሜት የሚለዩት እዚህ ጋ ነው።

ከማስጠንቀቂያ ወደ ገደብ፣ ከገደብ ወደ እገዳ በደረጃ ሂዱ። የደህንነት ክስ ግን፣ ለምሳሌ ዛቻ ወይም ስርቆት፣ ይህን ሰልፍ አይጠብቅም፤ ወዲያው ጊዜያዊ እገዳ ይደረግና በ72 ሰዓት ውስጥ ሰው ይመርምረው። (72 የኔ ምክር ነው፤ ሕግ ያስቀመጠው ቁጥር አይደለም።) ሠራተኞቻችሁ በራሳቸው ስም የሚነግዱ ከሆኑ በኅብረቱ ውስጥ ሌላም ደንብ አለ፦ ከሐምሌ 12 ቀን 2020 ጀምሮ አገልግሎቱን ጨርሶ ለማቋረጥ በመደበኛው አሠራር የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ከነምክንያቱ ያስፈልጋል፤ በፍለጋ ውጤት ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚታይ የሚወስኑት ዋና ዋና መለኪያዎችም በውሉ ውስጥ መጻፍ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው። ያልታገደ ነገር ግን ወደ ሦስተኛ ገጽ የተወረወረ ሠራተኛ ገበያው ከታገደው እምብዛም አይሻልም።

ወደ አበዳሪው እንምጣ። እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ነጥቡን አትሽጡ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ሰዎች መረጃ ሰብስቦ ለብድር ውሳኔ በክፍያ ለሌላ ወገን በመደበኛነት ማቅረብ በ1970ው የብድር ሪፖርት ሕግ «ሪፖርት አቅራቢ ድርጅት» ሊያሰኛችሁ ይችላል። ያ ማለት መረጃ የሚሰጠው ሕጉ ለፈቀደው ዓላማ ብቻ ነው፣ ትክክለኛነቱን በበቂ አሠራር ማረጋገጥ ይጠበቅባችኋል፣ ሰውየው ስህተት ነው ካለ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለባችሁ፣ አብዛኛው አሉታዊ መረጃም ከሰባት ዓመት በኋላ ይወጣል። ከአንድ የማይታወቅ ደንበኛ የመጣን አንድ ኮከብ ትክክለኛነት እንዴት ትመረምራላችሁ? ከ1989 ጀምሮ የሚሠራበት የፊኮ ነጥብ (የአሜሪካ አበዳሪዎች የተበዳሪን ብቃት የሚመዝኑበት) ከ300 እስከ 850 ሲሰላ 35 በመቶው የዕዳ አከፋፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው ያለው ዕዳ መጠን ነው። ዘዴው ትችት አያጣውም፤ ቢያንስ ግን የሚለካው ነገር ከብድር ጋር የተያያዘ ነው። የቀለም ሽታ የረበሸው ደንበኛ የሰጠው 2 ኮከብ ቀለም ቀቢው ብድሩን ስለመክፈሉ የሚናገረው ነገር የለም።

አውሮፓ ውስጥ «እኛ ነጥቡን ሰጠን እንጂ ብድሩን የከለከለው እሱ ነው» የሚለው መከራከሪያ በታኅሣሥ 2023 ተዘግቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጀርመኑ የብድር መረጃ ድርጅት በሹፋ ጉዳይ፣ ሦስተኛው ወገን በነጥቡ ላይ አጥብቆ የሚመረኮዝ ከሆነ ነጥቡን ማውጣት ራሱ አንቀጽ 22 የሚመለከተው ውሳኔ ነው ብሏል። በየካቲት 2025 ደግሞ በኦስትሪያ በወር 10 ዩሮ የሚያስከፍል የሞባይል ውል የተከለከለች ሴት ጉዳይ ላይ፣ ነጥቡ እንዴት እንደተሠራ ለሰውየው በሚገባው ቋንቋ መገለጽ እንዳለበት ወሰነ፤ ውስብስብ ቀመር አውጥቶ መስጠት ማብራሪያ አይባልም። «የንግድ ሚስጥር ነው» ማለትም በራሱ በር አይዘጋም፤ ሚስጥሩ ለተቆጣጣሪው ወይም ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዘናል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ግን የኅብረቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ነው። በአንቀጽ 5 የተቀመጠው የማኅበራዊ ነጥብ አሰጣጥ ክልከላ ከየካቲት 2 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል፤ ቅጣቱ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 7 በመቶ ነው። የ2021ዱ ረቂቅ የሚመለከተው የመንግሥት አካላትን ብቻ ነበር፤ የጸደቀው ግን የግል ድርጅትንም ይይዛል። ክልከላው ሰዎችን በጊዜ ሂደት በባሕርያቸው መዝኖ ነጥብ መስጠትን የሚይዘው ከሁለት አንዱ ሲኖር ነው፦ ነጥቡ መረጃው ከተሰበሰበበት ጉዳይ ጋር በማይገናኝ ቦታ ሰውን ከጎዳ፣ ወይም ጉዳቱ ከጥፋቱ ጋር ካልተመጣጠነ። በጽዳት ሥራ የተገኘ ኮከብ የብድር በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ምን ያህል እንደሚቀርብ ማየት አያዳግትም። የሰዎችን የመበደር ብቃት የሚመዝን ሲስተም በራሱም በዚሁ ሕግ «ከፍተኛ ሥጋት» ከሚባሉት ውስጥ ተመድቧል።

ማኅበራዊ ነጥብ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ቻይናን ያነሣል፤ የሚያነሣው ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ ዜጋ የተሰጠ አንድ አገር አቀፍ ነጥብ የለም። እንደ ሮንግቼንግ ያሉ ከተሞች ከ1000 ነጥብ የሚጀምር ሙከራ አድርገዋል፤ ሰዎችን ከአውሮፕላንና ከፈጣን ባቡር ትኬት ሲከለክል የቆየው ዋናው መሣሪያ ግን ከ2013 ጀምሮ ያለው የፍርድ ባለዕዳዎች ዝርዝር ነው። መግቢያው የታወቀ ነው፣ ፍርድን አለመፈጸም፤ መውጫውም ዕዳን መክፈል። በታኅሣሥ 2020 የአገሪቱ ካቢኔ (የመንግሥት ምክር ቤቱ) ያወጣው መመሪያ ራሱ የአካባቢ አስተዳደሮች ያለ ሕግ መሠረት ሰውን «የማይታመን» እያሉ እንዳይቀጡ የሚገታ ነበር። ዝርዝሩን መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ ለንድፍ የሚጠቅመው ነጥብ ግን መግቢያና መውጫው የታወቀ ቅጣት ለቁጥጥር ይመቻል፣ ከመቶ ነገር ተቀይጦ የወጣ አንድ ቁጥር ግን አይመችም።

አበዳሪውን ባዶ እጁን መመለስ የለባችሁም። ለሠራተኛው በራሱ ጥያቄ የሚወጣ የገቢ መግለጫ አዘጋጁለት፦ ባለፉት 12 ወራት በየወሩ የተጠናቀቁ ሥራዎች ብዛት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ በመተግበሪያው የቆየበት ጊዜ። ኮከብ አይኑርበት። ሠራተኛው ራሱ አውርዶ ለመረጠው አበዳሪ ይሰጣል፤ እናንተ ለአበዳሪው በቀጥታ አትልኩም፣ ከአበዳሪውም ገንዘብ አትቀበሉም። ከላይ የጠቀስነው የፕላትፎርም መመሪያ ሠራተኛው በሥራው የተፈጠረ መረጃውን፣ ደረጃና አስተያየቱን ጨምሮ፣ ይዞ የመሄድ መብት ስለሚሰጠው የማውረጃውን ቁልፍ ለማንኛውም መሥራታችሁ አይቀርም።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አውቶማቲክ እገዳውን አጥፉና ወደ «ሰው ይየው» ሰልፍ ቀይሩት፤ ይህ የአንድ ቀን የፕሮግራመር ሥራ ነው። ከዚያ መዝገቡን አስተካክሉ፦ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የቀመሩ ሥሪት፣ በወቅቱ የነበረው ገደብ፣ የታዩት የሥራ ቁጥሮች፣ የወሰነው ሰውና ሰዓቱ ይቀመጥ። ቀመሩን በቀየራችሁ ቁጥር የድሮውን አትሰርዙ፤ ከዓመት በፊት የታገደ ሰው ሲከስ የምትጠየቁት በዚያ ቀን ስለነበረው ቀመር ነው። በጂዲፒአር መሠረት መረጃዬን አሳዩኝ ላለ ሰው በአንድ ወር ውስጥ መልስ ስለሚሰጥ፣ ይህ መዝገብ በአንድ ትእዛዝ የሚወጣ መሆን አለበት። አዲሱ ቀመርና የአዎ/አይደለም ጥያቄዎቹ ቀጥለው ይምጡ።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ። እስካሁን በ4.6 የታገዱትን ሁሉ በአዲሱ ቀመር እንደገና አስሉ። ከ20 ደረጃ በታች ይዘው የታገዱትን አስቀድሙ፤ ከላይ እንዳየነው ሂሳቡ በብዛት የበደለው እነሱን ነው። ገደቡን አልፈው የተገኙትን ጠርታችሁ አካውንታቸውን ክፈቱ፣ የታገዱበትን ጊዜም «ሥራ ያቆመ» ብሎ ከሚቆጥር ከማናቸውም የፍለጋ ደረጃ ላይ አንሡ፤ አለበለዚያ አካውንቱ ተከፍቶም ሦስተኛ ገጽ ላይ ይቀራሉ።